ማርካችን ባሕር ሲሻገር

ከመካከላችሁ በውጭ አገር ሥራ ለመያዝ ማመልከቻ የጻፈ፥ ወይም ለመጻፍ የሚያስብ ጥቂት አይደለም ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ቁጥር ላጫውታችሁ፤ ይህችውም 4 ናት።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች 4.0 ያመጣ ተማሪ ሜዳልያ የሚሸለም፥ እናቱ እልል የምትልለት ነው። በጀርመን አገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማርክ 1.0 ሲሆን፥ 4.0 ከመውደቅ ለጥቂት የዳነ ሰው ማርክ ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው «አማካይ ውጤት 4.0» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፥ በዚያ ያለው ቀጣሪ ሹም ምን ብሎ ያነበዋል? የእኛ ጀግና በእርሱ ዓይን የክፍሉ ጭራ ነው።

ከእኔ ጋር የተመረቀ አንድ ወዳጄ እንዲሁ 3.2 ብሎ ጽፎ ወደዚያው አገር ላከ። መልሱ ቶሎ መጣ፤ አጭርና ትሕትና የተሞላበት እንቢታ ነበር። ምክንያቱን አልገለጹለትም፤ እኔ ግን ቁጥሯን እጠረጥራለሁ። ጀርመኖች የውጭ አገር ማርክ የሚመነዝሩበት የባቫርያ ቀመር የሚባል አለ። ከፍተኛውን 4፥ ለመመረቅ የሚበቃውን 2 አድርገን ብናሰላው፥ የወዳጄ 3.2 በእነርሱ 2.2 ይሆናል፤ ይህም በአነጋገራቸው «ጥሩ» ነው። ሳይመነዘር በቁሙ ሲነበብ ግን 3.2 «አጥጋቢ» ብቻ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የአንድ ሰው እንጀራ ነው።

«ታዲያ ራሳችን መንዝረን ብንጽፍስ?» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በማመልከቻው ላይ 2.2፥ በትራንስክሪፕቱ ላይ 3.2 ያየ ሹም የሚጠራጠረው ሒሳባችሁን ሳይሆን ሐቀኝነታችሁን ነው። የሚሻለው ማርኩን እንዳለ ጽፎ፥ «3.2 ከ4.0፤ ለመመረቅ የሚያስፈልገው 2.0» ብሎ ከጎኑ ማስረዳት ነው። አንድ መስመር ናት።

የመቶኛም ነገር እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች 70 ከመቶ ያመጣ ሰው በአንደኛ ማዕረግ ይመረቃል፤ በእኛ ቤት 70 ያመጣ ልጅ አባቱን ፈርቶ ካርዱን ይደብቃል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ነገ በውጭ አገር «55 ከመቶ» ብላ ብታመለክት፥ ስንቱ ከኋላዋ እንደቀረ ካልጻፈች ማን ያውቅላታል? አስተማሪዋ ብሆን ከሁሉ በፊት ይህን አስጽፋት ነበር።

የሚቀረው የወረቀቱ ጣጣ ነው። በእጃችን ያለው የተማሪ ኮፒ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሬጅስትራሩ ራሱ አሽጎ እንዲልክ የሚጠይቁ አሉ፤ ይህም ወረፋ አለው። ስማችሁም በፓስፖርቱና በትራንስክሪፕቱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ። አንዱ «ጸጋዬ» በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ይህንንም ማቃናት የሚቀለው ከአገር ሳይወጡ ነው።