ስሜናን የከፈትን ዕለት

ስሜና ይባላል። በሩሲያ ቋንቋ ፈረቃ ማለት ነው፤ ተተኪ ትውልድ ማለትም ነው። ሌኒንግራድ ከነበረው የሎሞ ፋብሪካ የወጣ ካሜራ ሲሆን፣ እኛ የነካነው «ስሜና 8ኤም» እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። አካሉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ባትሪ የለው፣ የብርሃን መለኪያ የለው! ሌንሱ ዙሪያ ፀሐይና ደመና ተስሎበታል፤ ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ቀለበቱን ማዞር ነው እንግዲህ።

«ፕላስቲክ» ብሎ የሚንቀው ብዙ ነው። እኛም ንቀነው ነበር። ሌንሱ ግን የመስተዋት ነው፤ ሦስት ድርብ።

በ1999 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ አንድ የዶርማችን ልጅ ከእረፍት ሲመለስ ከበሶው ጋር ይዞት መጣ። አባቱ ሌኒንግራድ ተምረው በ1976 ዓ.ም. ሲመለሱ ያመጡት ነው። እኒህ አባት ያረፉት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነበር።

ልጁ ለእራት ካፌ ወርዶ ሳለ አነሣነው። አምስት ነበርን፤ አምስታችንም የፎቶግራፍ ሊቅ። አንዱ ቀለበቱን አዞረ፣ ሌላው ሌንሱ ጎን ያለችውን ምላስ ስቦ ቀጭ አደረገ፤ ተሳሳቅን። ከዚያ «እስቲ ውስጡን እንየው» ተባለ። ከፈትነው። ፊልም ነበረበት።

ቶሎ መክደን ይገባን ነበር። ኧረ የት አውቀን! ክበብ ሠርተን አየነው እንጂ። አናቱ ላይ ያለው ቆጣሪ ቁጥር ያሳይ ነበር፤ ልብ ያለው የለም።

ወስደን ያሳየናቸው የፎቶ ቤት ሽማግሌ አልተቆጡንም። ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ወደ ቤቱ መልሶ መጠቅለል ነበረበት አሉን። በተነሣ ቁጥር በላይ በላዩ ስለሚጠመጠም፣ ብርሃን ቀድሞ የሚያቃጥለው የላይኛውን፣ ማለት መጨረሻ የተነሣውን ነው። ከሥር ያለው ሊተርፍ ይችላል። ታጠበ፤ አራት ተረፉ። አንደኛው ላይ ሁለት ሥዕል ተደራርቧል፤ በስሜና ፊልሙን ሳያሳልፉ ደግሞ ማንሣት ይቻላልና። የጓደኛችን እናት በወጣትነታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ የአንድ ቢሮ መስኮት በቀሚሳቸው ላይ ያልፋል።

ፎቶዎቹን ይዘን እቤታቸው ሄድን። እያገላበጡ ፈለጉ።

«የክርስትናው ዕለት አባቱ ታቅፎት፣ እኔው ነኝ ያነሣሁት» አሉ። «ቀለበቱን ፀሐይ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። የመጨረሻዋ እሷ ናት። ፊልሙ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሲያልቅ ይታጠባል ስንል እሱ ታመመ።»

ከአባቱ ጋር የተነሣው ሌላ ፎቶ የለም። እናቲቱ ቡና አፈሉልን፤ ሦስተኛውን ሳንጠጣ አንነሣም ብለን ሳይሆን፣ መነሣት አቅቶን እስከ በረካው ቆየን።

«ከፈትነው» እያልን ጽፈናል። አምስት ሰው ግን አንድ ክዳን አይከፍትም። ማን እንደ ከፈተው አምስታችንም እናውቃለን። ጓደኛችን አንድ ቀን እንኳ ማነው ብሎ አልጠየቀንም።