ለሩቅ መንገድ የሚሆን የቢስክሌት ቴላዮ አመራረጥ

አባቶቻችን ለጦርነት ፈረስ፥ ለመንገድ በቅሎ ይመርጡ ነበር። በቅሎም ሲገዙ መልኳን ብቻ አይተው ዋጋ አይቈርጡም፤ አረማመዷንና ጀርባዋን፥ ኮርቻውም በላይዋ እንዴት እንደሚቀመጥ አስቀድመው ይመረምራሉ። የአንድ ቀን ጕዞ በማናቸውም ከብት ይፈጸማል፤ የወር ጕዞ ግን ሰጋር በቅሎ ካልተገኘች የተቀማጩን ወገብ ይሰብራል። ይህ የቀድሞ ሰዎች ጥበብ ዛሬ ቢስክሌት ለሚገዛ ሰው ደግሞ የሚጠቅም መሆኑን በዐይናችን ስላየን፥ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፈው ወደድን።

በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ግዛት፥ በዴንቨር ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እኅታችንም ከልጇ ጋራ በዚያ ትኖራለች። ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ በቤቷ ክርክር ገብቶ አገኘን። ልጇ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነው፤ እንጀራውን የሚበላው በጣቶቹ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ግን በቢስክሌት ሩቅ መንገድ መሄድ ይወዳል፤ የክርክሩም ምክንያት ይኸው መንገድ ነበረ።

መንገዱ በካናዳ አገር ከባንፍ ከተማ ተነሥቶ፥ የሮኪን ተራሮች ተከትሎ፥ በሜክሲኮ ወሰን እስካለው እስከ አንቴሎፕ ዌልስ በር ድረስ 4300 ኪሎሜትር ያህል ይረዝማል። ስሙም ግሬት ዲቫይድ ይባላል፤ ይኸውም የዝናሙ ውሃ እኩሌታው ወደ አትላንቲክ፥ እኩሌታው ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚለያይበት የተራራ ጀርባ ማለት ነው። አብዛኛው ጠጠርና አፈር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ቱር ዲቫይድ የሚባል ውድድር ተጀመረ። ተወዳዳሪው ልብሱን፥ ስንቁንና መኝታውን በቢስክሌቱ ላይ ጭኖ ያለ ረዳት ይሄዳል፤ ቢያሸንፍም የገንዘብ ሽልማት የለውም። ከውድድሩ በፊት ጆን ስታምስታድ የሚባል ሰው በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ውስጥ ያለውን የመንገዱን ክፍል ብቻውን ሄዶ በ18 ቀን ከጥቂት ሰዓት ፈጽሞት ነበር። ላኤል ዊልኮክስ የምትባል ሴት በ2015 ዓ.ም. በ17 ቀን ከጥቂት ሰዓት፥ ማይክ ሆል የሚባል እንግሊዛዊ በ2016 ዓ.ም. 14 ቀን ሳይሞላው ጨረሱት። ይህም በየቀኑ ከ300 ኪሎሜትር የሚበልጥ ጕዞ ነው።

የእኅታችን ልጅ ባለፈው ዓመት ይህን መንገድ ጀምሮ፥ በዋዮሚንግ ግዛት ከሮሊንስ ከተማ ሲደርስ ተወው። እግሩ አልደከመም፤ ነገር ግን የሁለቱም እጆቹ ትንንሽ ጣቶች ደነዘዙ። ከተመለሰም በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የሸሚዙን ቍልፍ መቈለፍ አቅቶት እናቱ ትቈልፍለት ነበር። አሁን እንደ ገና ልሂድ፥ ከፊተኛው ይልቅ የቀለለ ቴላዮ ልግዛ ቢላት፥ «እጅህን ሰጥተህ መንገድ ትገዛለህን?» ብላ ከለከለችው። ኋላም ወደ እኛ ዘወር ብላ፥ «ወንድም ጋሼ፥ አብረኸው ሂድና መንገዱን እይ፤ ከዚያ በኋላ የምትለውን እቀበላለሁ» አለችን። እኛም ከልጁ ጋራ በአውቶሞቢል ተነሥተን የመንገዱን ደቡብ ክፍል አምስት ቀን አየን።

አስቀድመን የደረስነው እርሱ ወደ ተሸነፈበት ወደ ሮሊንስ ነው። ከዚህ በስተ ሰሜን ያለው ሜዳ፥ እንደ አገራችን እንደ አዋሽ፥ ውሃው ወደ የትኛውም ባሕር ሳይደርስ በመሬት የሚቀርበት ደረቅ አገር ነው። የዱር ፈረስና ሚዳቋ የሚመስል አውሬ ይታይበታል፤ ጥላ ግን የለበትም። አትላንቲክ ሲቲ ከምትባለው ትንሽ መንደር እስከ ሮሊንስ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ሲኬድ የሚጠጣ ውሃ የሚገኘው በጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። ልጁም መሬቱን እያየ፥ «አጎቴ፥ እዚህ ስድስት ሊትር ውሃ በጀርባዬ ተሸክሜ ነበር» አለን። የጣቶቹ ጠንቅ ያን ጊዜ ተገለጠልን። የፊተኛው ቴላዮው ካርቦን ከሚባለው ክርና ሙጫ ለሁለት ሰዓት እሽቅድምድም የተሠራ ነበርና፥ ፊቱ ዝቅ ያለ፥ የመካከሉም ክፍት ቦታ ጠባብ ነው። የውሃ ዕቃ የሚታሰርበት ስፍራ ስላነሰው ውሃው ወደ ጀርባው ወጣ፤ የጀርባው ሸክም ትከሻውን ተጫነ፤ ትከሻው በእጁ ላይ ወደቀ። የኰረኰንቹም መንገድ ቀንና ሌሊት መዳፉን መታው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ተመልሰን ስቲምቦት ስፕሪንግስ አደርን። በዚህች ከተማ ሙትስ የሚባል በ1981 ዓ.ም. የተመሠረተ የቢስክሌት ፋብሪካ አለ፤ ቴላዮውንም ከቲታኒየም ይሠራል። ቲታኒየም አይዝግም፥ ከብረትም ይቀላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ብረት ከሁሉ ይከብዳል፤ ነገር ግን ቢሰበር በያጅ እጅ ይድናል። አሉሚኒየም ርካሽና ቀላል ነው፤ ካርቦን ከሁሉ ይቀላል፤ ቢሆንም በድንጋይ ክፉኛ ከተመታ በገጠር የሚጠግነው አይገኝም። ለዚህ መንገድ ብዙ ሰው የሚመርጠው ሃርድቴይል የሚባለውን ነው፤ ይኸውም ሞላ በፊቱ ሹካ ብቻ ያለው፥ ኋላው ግን ያለ መገጣጠሚያ አንድ ወጥ የሆነ ማለት ነው። የሚሰበር ነገር ያንሰዋል፤ መካከሉም ለስንቅና ለውሃ ክፍት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከዴል ኖርቴ ከተማ ተነሥተን ኢንዲያና ፓስ የሚባለውን ከእንጦጦ የሚበልጥ ዳገት ወጣን። ከፍታው 3630 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የመንገዱ ሁሉ የበላይ ነው። በዚህ ዳገት ላይ ልጁ ስለ ክብደት ተከራከረን፤ እኛም ሒሳቡን በወረቀት አሳየነው። ሰውየው 70 ኪሎ፥ ቢስክሌቱና ጓዙ 20 ኪሎ ቢሆን፥ በቴላዮው ላይ አንድ ኪሎ ቢጨመር ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። እጁ ታሞ በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚቆም ሰው ግን በ14 ቀን 14 ሰዓት ያጣል። የፊቱም ቱቦ አዘነባበል ይታሰባል፤ እስከ 64 ወይም 65 ዲግሪ የተጋደመው ለቍልቍለት የታመነ ነው፥ ነገር ግን ሰው ደክሞ ዳገት ሲወጣ ፊቱ ይዋልላል፤ ከ67 እስከ 69 ያለው ለረጅም መንገድ ይስማማል።

በመጨረሻው በኒው ሜክሲኮ ግዛት ኩባ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ዝናም ያዘን። አፈሩ እንደ ሸዋ መረሬ ነው፤ ጫማችን በጥቂት እርምጃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደ። በጎማውና በቴላዮው መካከል ጣት የሚያስገባ ስፍራ ከሌለ እንዲህ ያለው ጭቃ ተጠቅጥቆ መንኰራኵሩን ያስራል፤ ተጓዡም ቢስክሌቱን ይሸከማል።

ወደ ዴንቨር ተመልሰን የብረት ቴላዮ ተገዛ። ፊቱ ከፍ ያለ፥ ርዝመቱ በልጁ ክንድና ወገብ ልክ የሆነ፥ ሦስት የውሃ ዕቃ የሚያስር፥ ለጭቃም ስፍራ ያለው ነበር። ከቲታኒየሙ ዋጋ የተረፈውን ገንዘብ መቀመጫውንና መሪውን በሰውነቱ ልክ ለሚያስተካክል ባለሙያ ከፈለ። እናቱም ከውድድሩ በፊት የሦስት ቀን ሙከራ እንዲያደርግ አዘዘች። በሦስተኛው ቀን ማታ አቧራ ለብሶ ከደጅ ሲገባ፥ ውሃም ሳትሰጠው ንጹሕ ሸሚዝ ዘርግታ፥ «ቈልፈው» አለችው። ልጁም ከላይ እስከ ታች አንድ ሳይቀር ቈለፈው። እርሷም ምንም ሳትናገር ቡና ልትቈላ ገባች፤ እኛም ፈቃዷን በዚህ ዐወቅነው።

ስለዚህ ለሩቅ መንገድ ቢስክሌት የሚገዛ ሰው ሚዛን ከማንሣቱ በፊት አስቀድሞ ሰውነቱን፥ ቀጥሎ ውሃውን፥ ከዚያም ጭቃውን ያስብ። ፈጣን የሚባለው በፊተኛው ቀን የቀደመው አይደለም፤ በዐሥረኛው ቀን እጁ ጤና ሆኖ የሚነዳው ነው።