ኤንትሬና የዓባይ ዳገት

ደጀን የዓባይን በረሃ የወጣ የሚተነፍስባት፣ የሚወርድ ደግሞ ፍሬኑን የሚፈትሽባት ከተማ ናት። ከጎሚስታው አጠገብ ከተደረደሩት ሲኖትራኮች ኋላ አንዲት አሮጌ ፊያት ኤንትሬ ቆማ አየሁ። የምኖረው ሚሺጋን ነው፤ እንጀራዬም የድሮ አሜሪካ መኪኖችን ሞተር መጠገን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም።

«ጋሼ፣ ሞተሯ አብሯት የመጣው ነው?»

ሽበታሙ ሾፌር ሳቁ። «ስንቴ ሬክቲፊካ ገብቷል! ብሎኩ ግን ያው ነው። ውጣና እየው፣ ልጄ።»

የኤንትሬ ሞተር ካቢናው ውስጥ በወንበሮቹ መካከል ነው። ረዳቱ ክዳኑን አነሳልኝ። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠርጌ ከሊብሬው ጋር አስተያየሁት፤ ገጠመ። እኛ ጋራዥም ሥራው የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ቀለም ይቀባል፣ ዓርማ ይለጠፋል፤ ሞተሩ የቱ እንደሆነ የሚናገረው ብሎኩ ነው።

ፊያት ኤንትሬ የምትመደብበትን የ682 ዘር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሏታል። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። መሪዋ በቀኝ ነው፤ የዘመኑ የጣሊያን ከባድ መኪና ሾፌር ተራራ ላይ የመንገዱን ጠርዝ ከጎማው በላይ ሆኖ እንዲያይ ነበርና። ለዓባይ በረሃም የተመቸ ነው።

«ታዲያ ስንት ፈረስ ናት ትላለህ?» አሉኝ።

ወረቀቱ 150 ገደማ ይላል። ግን የወረቀት ፈረስ የት እንደታሰረ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንቹ የአሜሪካ መኪና ኮርቬት 270 ፈረስ ጉልበት ተብሎ ተሸጠ፤ በዓመቱ ያው ሞተር 200 ተባለ። የሚበዛው ልዩነት የመጣው ከአለካኩ ነው። ቀድሞ ሞተሩን ያለ ጭስ ማፈኛና ያለ አየር ማጣሪያ ባዶውን ይለኩት ነበር፤ ኋላ መኪና ላይ እንደሚሠራው ሁሉንም አስረው ለኩት። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ያለችው ደጀን ደግሞ የራሷን ትቀንሳለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ የኤንትሬዋ 150 እዚህ ሲደርስ 115 ገደማ ነው።

«ከዓባይ ድልድይ እስከዚህ ጭነው በስንት ጊዜ ይወጣሉ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ሰዓት አይሞላም። ከሞላ ፖምፓው ታሟል።»

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። አንድ ፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ 1 ሜትር ሽቅብ ማንሳት ነው። ከነጭነቷ 15 ቶን የምትመዝን መኪና በሰከንድ 1 ሜትር ከፍ እንድትል 200 ፈረስ ያስፈልጋታል። ስስ አየሩ፣ ካምቢዮውና ጎማው ድርሻቸውን ወስደው 100 ቢተርፋት፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ትወጣለች። ከወንዙ እስከ ደጀን ያለው ከፍታ 1,300 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 43 ደቂቃ ይፈጅባታል። የሾፌሩ «ሰዓት አይሞላም» ከእኔ ስሌት ጋር ገጠመ።

እኛ ጋራዥ ጉልበት የሚለካ ውድ ማሽን አለ። እዚህ ያንኑ የሚሠራው ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዳገት ነው፤ ያውም መኪናዋ ከነጭነቷ፣ ከእርጅናዋና ከረዳቷ ጋር ሳለች። የብሎኩ ቁጥር ሞተሩ የትኛው እንደሆነ ይመሰክራል፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ፈረስ እንደሞተበት ግን አያውቅም። ኤንትሬ ልግዛ የሚል ሰው ሊብሬውን ደጀን ላይ ያንብብ፤ ዋጋ የሚነጋገረው ግን ሙሉ ጭነት አስይዞ ከድልድዩ ካስወጣት በኋላ ይሁን።