በዳኮታ ሜዳ የነበረ ገበሬና ቫዮሊኑ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፥ በሚዙሪ አገር፥ ማንስፊልድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የደራሲዋ የሎራ ኢንገልስ ዋይልደር ቤት ይገኛል። ቤቱ ዛሬ የሚጎበኝ ነው፤ በዚያም ከተጠበቁት ቅርሶች መካከል አንድ ያረጀ ቫዮሊን አለ። ቫዮሊን እንደ አገራችን መሰንቆ በደጋን የሚመታ፥ ነገር ግን አራት አውታር ያለው መሣሪያ ነው። ባለቤቱ የሎራ አባት ቻርልስ ኢንገልስ ሙያው ግብርና ነበረ። ይህ ሰው ለልጆቹ ሰፊ ርስት አላወረሰም፤ ያወረሳቸው ምን እንደ ሆነ ግን ታሪኩ ያስረዳል።

ቻርልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 በኒው ዮርክ አገር ተወለደ፤ በ1860 ካሮላይን ኩዊነርን አገባ። ሎራ የተወለደችው በ1867 በዊስኮንሲን ደን ውስጥ ነው። በ1869 አባትዮው መሬት ፍለጋ ቤተሰቡን በሠረገላ ጭኖ ወደ ካንሳስ ወረደና ቤት ሠራ። ይሁን እንጂ ያ መሬት በውል የኦሴጅ ሕዝብ ስለ ነበረ፥ ቤቱ የቆመው በሰው ርስት ላይ ነበረ። የኢንገልስ ቤተሰብ በ1871 ወደ ዊስኮንሲን ተመለሰ፤ ኦሴጆች ግን አገራቸውን ለቅቀው ወደ ደቡብ ሄዱ። የሠፋሪዎች ድካም ሲነገር የእነዚህን ሰዎች ሐዘን መዝለል አይገባም።

በ1874 ቻርልስ በሚኔሶታ፥ በዋልነት ግሮቭ አጠገብ ስንዴ ዘራ። ነገር ግን የአንበጣ መንጋ መጥቶ አዝመራውን በላበት። በ1875 መጨረሻ ምንም የሌለው መሆኑን በፊርማው አረጋግጦ የርዳታ ዱቄት ተቀበለ፤ ሠርቶ ለማደር ለለመደ ሰው እንዲህ ያለው ፊርማ ከራብ ይልቅ ይመራል። በ1876 አንድ ወንድ ልጁ በዘጠኝ ወሩ ሞተ፤ በ1879 ደግሞ የመጀመሪያ ልጁ ሜሪ በ14 ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ።

በዚያው ዓመት ወደ ዳኮታ ሄዶ በምድር ባቡር ሥራ ላይ ተቀጠረ። በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤከር፥ ማለት 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበርና፥ እርሱም በዲ ስሜት ከተማ አጠገብ ድርሻውን ያዘ። ወዲያው ግን ከ1880 ጥቅምት እስከ 1881 ጸደይ ድረስ የዘለቀ ከባድ የበረዶ ወራት መጣ። በረዶው ሐዲዱን ስለ ደፈነው ባቡር ቀረ፤ ማገዶና ዱቄትም አለቀ። ቤተሰቡ ድርቆሽ እየጠመዘዘ ያነድ፥ ስንዴውንም በቡና መፍጫ እየፈጨ ይጋግር ነበር። ሎራ ያን ጊዜ በማስታወስ በ1940 ባሳተመችው ልብ ወለድ እንደ ጻፈችው፥ የአባቷ ጣቶች ከብርዱና ከድርቆሹ የተነሣ ደርቀው ቫዮሊኑን መምታት ተሳናቸው። ራቡን ሲችል የኖረ ቤት ያን ምሽት በዝምታው ደነገጠ።

በ1886 መሬቱ በሕግ ጸናለት፤ ቢሆንም በ1887 በከተማይቱ ቤት ሠርቶ ገባ፤ እርሻውንም በኋላ ሸጠው። በ1902 ዐርፎ በዲ ስሜት ተቀበረ። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ የሠራውን ቤትና መቃብሩን ያያል፤ በቀድሞው እርሻ ላይም ካተንውድ የተባሉ ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል። ሎራ እንደ ተረከችው፥ አባትዮው ለሚስቱና ለአራቱ ሴቶች ልጆቹ አንድ አንድ ዛፍ ተክሎላቸው ነበር።

መሬቱ ወደ ሌላ እጅ አለፈ፤ ቫዮሊኑ ግን ለሎራ ደረሰ። እርስዋም የመጀመሪያ መጽሐፏን በ1932፥ በ65 ዓመቷ፥ ስታሳትም የአባቷን ዜማ በውስጡ አኖረች። በመጻሕፍቷ ስማቸው የተነሣው ዘፈኖችና መዝሙሮች ከመቶ ይበልጣሉ፤ የዘመናችን ሙዚቀኞችም ሰብስበው እንደ ገና ተጫውተዋቸዋል።

እንግዲህ አባትና እናት ሆይ፥ ለልጅ የሚተርፈው በጎተራ የተከማቸው ብቻ አይደለም። አንበጣ የስንዴውን አዝመራ በላው፤ በምሽት እሳት ዳር የተሰማውን ዜማ ግን ሊበላው አልቻለም።