ሰነቴ በአመድ ሲሳል

ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የኮሶና የአስታ ደን ነው። መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ ዛፉ እያጠረ ይሄድና 4,000 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የሰነቴ አምባ ይዘረጋል። እዚያ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ብርዱ ጋቢንም ካፖርትንም አይፈራም።

የቀይ ቀበሮ አገር ይህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ያሉት በባሌ ነው። የአካባቢው እረኛ በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይለዋል፤ የወለደች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይባላል። ዋና ምግቡ ግን ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። ሣሩ ሲታረስ ፍልፈሉ ይጠፋል፤ ቀበሮውም ይራባል። አንድ የቀበሮ ቤተሰብ ምግብ በሞላበት ስፍራ እንኳ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይፈልጋል። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶው ወደ እርሻ መለወጡ ይነገራል።

ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። በቃል የተያዘ ነገር ግን እግርን አያስጨንቅም። ስለዚህ ጎባ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ አምባውን በአመድ ሳልነው። በውስጡ 8 ክቦች አሉ፤ በየክቡ 5 ልጆች ቆሙ። ወላጆች ቆመው ተመልካች እንዲሆኑ አልፈለግንም። ለእያንዳንዳቸው አንድ እቅፍ የገብስ ጭድ ሰጥተን "ማሳዎን በወደዱት ቦታ ያንጥፉ" አልናቸው። ጭድ ያረፈበትን ቦታ ልጆቹ ይለቃሉ። ከማሳው ጋር ውሻ የሚሆን አንድ ልጅ ይገባል፤ ውሻው የነካው ከጨዋታው ይወጣል። ለምን ቢባል፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ልጆቹ በአንድ እግር ቆሙ። እኔን የገረመኝ የማንም ክፋት አለመኖሩ ነው። ሁሉም ያነጠፈው አንዳንድ እቅፍ ብቻ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ መዝገቡ ግን ጭዱን አያነሳም።

አንድ አባት "እህ መምህር፣ ልጄስ የት ይረስ?" አሉኝ። ጥያቄያቸው እውነት ነው፤ የሚያርስ ልጅ አላቸው። ጥቂት አሰቡና ጭዳቸውን አንስተው ዝቅ ብሎ ወደተነጠፈው የጎረቤታቸው ማሳ ሄዱ፤ "እዚህ አብረን እንረስ" አሉ። ጎረቤትየው "ይቺማ የኔ ናት" አሉ። ክርክሩ የዙህር አዛን እስኪሰማ ቀጠለ፤ ልጆቹም ክባቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቁ ነበር።