ጣቢያዎቻችን እስከ መቼ በሰው ቤት?

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ለጆሮ ከበድ ይላል። ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ይባላል። ይሁንና ትንሽ ብትታገሡኝ ከሙያችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ፣ እኔንማ ቤቴ ድረስ የመጣብኝ ጉዳይ መሆኑን ታያላችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ተወልጄ ያደግሁት ቦምቤ ነው። የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወላይታ ሶዶ ለመጣ ሰው ትንሽ፣ ለእኛ ግን ትልቅ። ቤታችን ውስጥ አባባ ዜና የሚሰማው በሬዲዮ ነው፤ እኛ ልጆቹ በስልክ። አምና ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲጠብቅ ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘ። የአንድ የታወቀ ጣቢያ ሎጎ ተለጥፎበታል፣ ስሙም ቁርጥ የጣቢያው ነው። "200 ብር በቴሌብር የላከ ውጤቱን ከሁሉም ቀድሞ ያያል" ይላል። ላከ። ከዚያ በኋላ ውጤትም የለ፣ ብርም የለ፣ ቻናሉም የለ። ብሩ አያናድድም ማለቴ አይደለም። እኔን የከነከነኝ ግን ወንድሜ "ሎጎው እኮ የሬዲዮው ነው!" ማለቱ ነው። አባባ ደግሞ ይህን ሰምቶ ለሁለት ቀን ያንን ጣቢያ አልከፈተም።

እስቲ ፍረዱ፤ ጣቢያው ምን አጠፋ? ምንም። ግን ምንስ ማድረግ ይችል ነበር? እሱም ቢሆን ምንም። በሰው መድረክ ላይ ስምህንና ፎቶህን ማንም ገልብጦ ሊለጥፍ ይችላል፤ ለአድማጭህ "እውነተኛው እኔ ነኝ" የምትልበት የራስህ የምትለው አድራሻ የለህም።

ያልተማከለ የሚባለው አሠራር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኢሜይልን አስቡ። የያሁ አድራሻ ያለው ሰው ጂሜይል ላለው ይጽፋል፤ ሁለቱ ኩባንያዎች የተለያዩ መሆናቸው ደብዳቤውን አያስቀረውም። ወይም እድርን አስቡ። የእኛ ሰፈር እድር የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ድንኳን አለው፤ የጎረቤት ሰፈር እድርም እንደዚሁ። ለቅሶ ሲሆን ግን አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ማስቶዶን የተባለው ሶፍትዌር የሚሠራው በዚህ መልክ ነው። ኦይገን ሮችኮ የተባለ በጀርመን የሚኖር ወጣት በ2009 አካባቢ ያወጣው ሲሆን ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊተክለው ይችላል። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ የተባለው ደንብ ደግሞ የድረ ገጽን ደረጃዎች በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት በጥር 2010 ጸድቋል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ የራሱን ሰርቨር ከከፈተ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ሳይዛወር እዚያው ሆኖ ሊከተለው ይችላል።

ቢቢሲ ይህንን ሞክሮታል። በሐምሌ 2015 የምርምር ክፍሉ በራሱ የድረ ገጽ አድራሻ ሥር ሰርቨር ከፍቶ ሬዲዮ 4ንና 5 ላይቭን የመሳሰሉ ጥቂት አካውንቶችን አስገባ። ከውጭ ሰው መመዝገብ አይቻልም ነበር፤ ቤቱ የቢቢሲ ብቻ ነበር። ዋናው ጥቅም ይኸው ነው። ከአድራሻው ጫፍ ላይ የጣቢያው የራሱ የድረ ገጽ አድራሻ ካለ አካውንቱን የከፈተው ጣቢያው ራሱ ነው፤ አጭበርባሪ ሎጎ ሊሰርቅ ይችላል፣ ያንን የአድራሻ ጫፍ ግን አያገኘውም። የጀርመን ሕዝባዊ ጣቢያዎች ኤአርዲና ዜድዲኤፍም የየራሳቸው ሰርቨር አላቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የአሜሪካው ኤንፒአር ትዊተርን ጥሎ የወጣው፣ ኩባንያው "ከመንግሥት ጋር የተቆራኘ" የሚል ምልክት ከስሙ አጠገብ ስለለጠፈበት ነበር። የሰው ቤት ግድግዳ ነውና ባለቤቱ የፈለገውን ይጽፍበታል።

"ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ የእኛው ይብሳል! በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ ትዊተር መነጋገሪያ ርዕሶችን የሚዘረዝረውን ክፍል ለኢትዮጵያ ዘጋው። ውሳኔው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የተወሰነው ግን ባሕር ማዶ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ እዚሁ አገር ውስጥ ታግደው ቆዩ። ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዜናቸውን በታገደው ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸውን አላቆሙም፤ እኛም በቪፒኤን እየገባን እናነብ ነበር። ከሳቁ ሌላ ምን ይባላል? በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ዓለም ዜናውን ያገኘው በአብዛኛው ከዞኑ ኮሙኒኬሽን የፌስቡክ ገጽ ነበር። ያ ገጽ ነገ ቢጠለፍ ወይም ቢዘጋ የክልላችን ታሪክ አንድ ቅጠል አብሮ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቋንቋ ነገር ነው። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2014 ለእንግሊዝ ፓርላማ ቃሏን ስትሰጥ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ስድስት ዋና ቋንቋዎች የኩባንያው የደህንነት ሥርዓት የሚደግፈው ሁለቱን ብቻ መሆኑን ተናግራለች። ወላይትኛ የት ሊገባ ነው? እኔ ራሴ ከምጠቀምባቸው መድረኮች በአንዱ ላይ፣ በወላይትኛ ዜና ሥር የተጻፈ የለየለት የዘር ስድብ ሪፖርት አድርጌ "ደንባችንን አይጥስም" የሚል መልስ ደርሶኛል። ማን አንብቦት? ሶዶ ውስጥ ያለ ጣቢያ የራሱ ሰርቨር ቢኖረው፣ ያንን ስድብ ሲያየው የሚገባው ሰው ቢያንስ አንድ ይኖር ነበር። ጣቢያው የሰውን አካውንት ከሌላ ሰርቨር ላይ ማጥፋት አይችልም፤ ከራሱ በር ግን ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከባድ እንደሚሆን አልደብቅም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለ ይዘት እንዲያነሳ ይጠይቃል። ሰርቨር የከፈተ ጣቢያ እንግዲህ ተከራይ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ባለ ቤት ሆነ ማለት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? (ለእኛ ለተመራቂዎች የሥራ ቦታ ይወጣዋል ብሎ የሳቀ ጓደኛ አለኝ፤ ቀልዱ ቀልድ ብቻ ላይሆን ይችላል።) የአውሮፓ ኅብረት ተቋማት በሚያዝያ 2014 የከፈቱት ሰርቨር እንኳ በግንቦት 2016 ተዘግቷል፤ ተረክቦ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጠፍቶ። ሀብታሙ አውሮፓ ያልቻለው ነገር መብራት በሚጠፋበት አገር ቀላል ይሆናል ብዬ አልዋሽም።

ሌላም አለ። በነሐሴ 2013 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፌስቡክንና ትዊተርን የሚተካ አገር በቀል መድረክ እየሠራን ነው ብሎ ነበር። የእኔ ሐሳብ ከዚያ ጋር አንድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ትልቅ አዳራሽ ሠርቶ ቁልፉን አንድ መሥሪያ ቤት ኪስ ውስጥ መክተት ቁልፍ ያዡን ብቻ ነው የሚለውጠው። እኔ የምለው ብዙ ትናንሽ ቤቶች ይኑሩ ነው፤ ኢቢሲ የራሱ፣ የክልል ጣቢያዎች የየራሳቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያዳምጣል፤ የለጠፈውም ጽሑፍ ቅጂው ተከታዮቹ ባሉባቸው ሰርቨሮች ላይ ሊገኝ ይችላል። መላው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን፣ በሰኔና ሐምሌ 2012 እንዳየነው፣ የማንም ሰርቨር አያድንም። ያኔ የአባባ ሬዲዮ ብቻ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ይህንን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ሳቀርብ አንድ መምህራችን "ቦምቤ ውስጥ ማስቶዶን ያለው ስንት ሰው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። የዝንጅብል ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው። ስለዚህ ጣቢያዎቻችን ፌስቡክንና ቴሌግራምን ጥለው ይውጡ አላልኩም፤ ቢቢሲም አልወጣም። ዜናው መጀመሪያ በራስ ቤት ይለጠፍ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሰራጭ። አድማጭም በሬዲዮ ደጋግሞ "አድራሻችን ይህ ብቻ ነው" ሲባል ይሰማ። አባባ ስልክ አይጠቀም ይሆናል፤ ይህንን ግን ሰምቶ ለወንድሜ ይነግረዋል።

መምህሩም እሺ፣ እንግዲያው የአስተያየት መስጫውን ደንብ በወላይትኛ ጻፈውና አምጣ አሉኝ። ከአረካ ከመጣ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ጀምረነዋል። ስድብ የሚለው ላይ አልተቸገርንም፤ ቃሉ ሞልቷል። የቆምነው "ሰርቨር" የሚለው ላይ ነው። እሱ "ኬታ" እንበለው ይላል፣ ቤት ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንደዚያ ካልን አንባቢው የማን ቤት ብሎ መጠየቁ አይቀርም አልኩት። "ይጠይቅ!" አለኝ።