ለእኛ ነው?

ጋሉስ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በባትሪ የምትሠራውን ሬዲዮ ከወጥ ቤቱ መስኮት አያነሷትም። ያረጀች ትመስላለች። ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የአር ሸለቆ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ነበር፤ በሸለቆው ብቻ ከ130 በላይ ሰው አለቀ። አካባቢው ላለ ስልክ ሁሉ በአንዴ የሚላከው ማስጠንቀቂያ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ፣ በ2023 ነው።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ዋና መቀመጫ እዚሁ ጎረቤት፣ ኦፈንባህ ነው። የሴትየዋ ጀርመንኛ ግን ለገበያ እንጂ ለማዕበል አይበቃም። «ኡንቬተር» የምትለዋን ያውቋታል፤ ስትጠራ ልብስ ከሰገነት ያስገባሉ። ተከትለው የሚመጡት ሰዓትና የቦታ ስም ያመልጧቸዋል። ጀርመን በዶይቸ ቬለ በኩል ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ ታወራለች፣ ያውም ለአዲስ አበባ። ጋሉስ ላይ ስለሚወርደው ዝናብ የሚያስረዳቸው ልጃቸው ነው፤ ደውለው «የት ነው ያለው? ለእኛ ነው?» ይሉታል።